አምስተኛው ጉድጓድ

ኳሱ እዚያ መሆን አልነበረበትም።

ድርቤ ዱላዋን እንደያዘች ቆም አለች። የየሻሽወርቅ ኳስ ወደ ረጅሙ ሣር ሲበር አይታለች፤ ሲወድቅም ሣሩ ሲነቃነቅ ያየች መስሏታል፤ የራሷ የት እንደወደቀ ግን ልብ አላለችም። አሁን ግን የሻሽወርቅ ከሣሩ ስድስት እርምጃ ያህል ወዲህ፣ ከብት ግጦ ባስተካከለው ቦታ ላይ ቆማለች። እግሯ አጠገብ በቀይ ጭቃ የተለወሰ ኳስ አለ።

«የኔ ይኸውና» አለች የሻሽወርቅ። «ያንቺ ሣሩ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ቶሎ በይ፣ አውሮፕላኑ ሊመጣ ነው።»

ድርቤ የጓደኛዋን ጫማ አየች። የቀኙ ጫፍ ጭቃ ነክቶታል። የራሷንም አየች። እሱም ያው ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ሜዳው ላይ ጭቃ ያልነካው ጫማ አልነበረም።

ከማዶ ፊሽካ ተነፋ። የአውሮፕላን ማረፊያው ዘበኛ ኦቦ ፉፋ ናቸው። እሳቸው ከነፉ ሰውም ከብትም ሜዳውን መልቀቅ አለበት። ድርቤ ሣሩን በዱላዋ ገለጥ ገለጥ ስታደርግ ጭቃ የበላው ኳስ አገኘች። ከሣሩ ለማውጣት ብቻ ሦስት ምት ፈጀባት። የሻሽወርቅ ግን ከዚያ ከጸዳው ቦታ በአንድ ምት ጉድጓዱ አፍ አደረሰችው።

ወደ ስድስተኛውና መጨረሻው ጉድጓድ አለፉ። ድርቤ ከዚያ በኋላ የጓደኛዋን እጅና እግር እንጂ የራሷን ኳስ በደንብ አላየችም።

ጎልፍን ለትምህርት ቤቱ ያመጡት የስፖርት መምህሩ አቶ ተረፋ ናቸው። አስመራ ተቀምጠው በነበረበት ጊዜ ከፈረንጆች የተማሩትን ጨዋታና በጆንያ የጠቀለሉትን ዘጠኝ አሮጌ ዱላ ይዘው ነበር ነቀምቴ የገቡት። ከማረፊያው ዳር ባለው ግጦሽ ላይ ስድስት ጉድጓድ ቆፍረው በየጉድጓዱ የቲማቲም ጣሳ ቀበሩ። ገበያተኛው መንገድ ላይ ቆሞ እያየ «ገና ሳይደርስ ገና የሚጫወቱ» እያለ ይስቅ ነበር። ገና እንኳ ኳስ የሚቀማ ተጋጣሚ አለው። እዚህ ግን እያንዳንዱ የራሱን ኳስ እየመታ ይሄዳል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል።

ድርቤ ጨዋታውን ከወደደችው አንድ ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ላይ ኳሱን ስትስተው ትናደድና ዱላውን ትወረውር ነበር። አሁን አትወረውርም። መሳት ያለ ነው፤ ቀጣዩን መምታት ነው። እናቷ እንኳ «ይቺ ልጅ እኮ ረጋ አለች» ብላ ለጎረቤት ስታወራ ሰምታታለች።

አቶ ተረፋ በመጀመሪያው ቀን የተናገሩትንም አልረሳችውም። «ይህ ጨዋታ ዳኛ የለውም» ነበር ያሉት። «አንዳችሁ የሌላኛችሁን ምት ትጽፋላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ትፈርማላችሁ። ፊርማችሁ ‹ያየሁት እውነት ነው› ማለት ነው።»

የዛሬው ውድድር ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። አንደኛ የሚወጣ ተማሪ ከመምህሩ ጋር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዶ ትልቁን የጎልፍ ሜዳ ያያል፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ድርቤ በምዕራብ ከዲጋ፣ በምሥራቅ ከአኖ አልፋ አታውቅም። ታላቅ እህቷ ወርቂቱ አዲስ አበባ የነርስነት ትምህርት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ጊዜም አልመጣችም። ድርቤ ባለፈው ሳምንት «ምናልባት በጥቅምት መጨረሻ እመጣለሁ» ብላ ጽፋላታለች። ምናልባት የሚለውን ቃል በትንሹ ነበር የጻፈችው።

የሻሽወርቅ በሠላሳ አንድ ምት ጨረሰች። ድርቤ በሠላሳ ሁለት። ቀድሟቸው የተጫወተው ቀነዓ በሠላሳ ስድስት ሦስተኛ ወጣ።

አቶ ተረፋ የምት ወረቀቱን ለድርቤ ሰጧት። የየሻሽወርቅን ምት የጻፈችው እሷ ነች፤ ከግርጌው ፊርማዋ ብቻ ቀርቷል። እርሳሱን ያዘች። አምስተኛው መስመር ላይ «5» የሚለውን ቁጥር አየች። የራሷ እጅ ጽሕፈት ነው።

«ምነው?» አሉ አቶ ተረፋ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቀን ቢሰጡኝ።»

የሻሽወርቅ ዞር አለች። «የምን ቀን?»

ድርቤ ወረቀቱን መልሳ ዘረጋችላቸው። አቶ ተረፋ ሁለቱንም በየተራ አዩዋቸው። «ያየሽው ነገር ካለ ተናገሪ። ከሌለ ፈርሚ» አሉ። ዝምታው ሲረዝም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እስከ ማክሰኞ።»

ወደ ከተማ ሲመለሱ የሻሽወርቅ ቀድማ ብቻዋን ሄደች። ቀነዓ ከድርቤ ጎን ጎን መራመድ ጀመረ። የልብስ ሰፊው የኦቦ ጨመዳ ልጅ ነው፤ ወሬ ሲያገኝ ዓይኑ ይጠባል።

«አምስተኛው ላይ ነው አይደል?» አለ።

«ምን ታውቃለህ?»

«እኔ ምንም አላየሁም። ብቻ ቀድማሽ ስትሮጥ አይቻለሁ። ለምን ትሮጣለች?»

«አውሮፕላን ሊመጣ ስለነበር ነዋ።»

«ይሁና» አለ ቀነዓ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ፣ «በእግር ነካ ማድረግ እኮ ቀላል ነው» አለ።

ድርቤ «አይደለም» ማለት ነበረባት። አላለችም። ቀነዓም ከዚህ በላይ መልስ አላስፈለገውም።

እሑድን ድርቤ ስታሰላስል ዋለች። ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ ሰባኪው የሚለውን አልሰማችም። ያለፈው ዓመት ትዝ አላት። የሻሽወርቅ አኖ ለሠርግ ሄዳ ሁለት ቀን ከቀረች በኋላ «ወባ ታምሜ ነው» ብላ ለመምህሩ ነግራ ነበር። ያን ጊዜ «እውነቷን ነው፣ ጠይቄያታለሁ» ብላ የመሰከረችላት ድርቤ ራሷ ነች። ውሸቱን ሁለቱም ተካፍለውታል። አሁን ግን ድርቤ የምታስታውሰው የየሻሽወርቅን ድርሻ ብቻ ነበር። ሠርግን ወባ ያለች ልጅ ኳስ በእግሯ ብትገፋ ምን ይደንቃል?

ሰኞ ጠዋት ወሬው ትምህርት ቤቱን አዳርሶት ጠበቃት። የሻሽወርቅ በግቢው ስታልፍ ሁለት የአራተኛ ክፍል ልጆች በጫማቸው ጫፍ መሬቱን ነካ ነካ እያደረጉ ተሳሳቁ። የሻሽወርቅ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቀይ ፊቷ ይበልጥ ቀላ።

በዕረፍት ሰዓት ድርቤን ከውሃ ቧንቧው ጀርባ አገኘቻት።

«አይተሽኛል?»

«ምኑን?»

«በእግሬ ስገፋ አይተሽኛል ወይ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው ያስወራሽው?»

«እኔ ለማንም አልተናገርኩም።»

«አልተናገርሽም። አልፈረምሽም። ዝም አልሽ» አለች የሻሽወርቅ። ድምጿ አልጮኸም። «አባቴ ትናንት ከጽሕፈት ቤት ጓደኛው ሰምቶ መጣ። ‹ልጅህ አጭበረበረች አሉ› ብሎት። ከሸዋ ተዛውሮ እዚህ ሲሠራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ራት ሳይበላ ነው የተኛው።»

«ኳስሽ ሣር ውስጥ ሲገባ ነው ያየሁት» አለች ድርቤ።

«እኔ ያገኘሁት ግን እዚያ ነው።» የሻሽወርቅ ከዚያ በላይ አልቆመችም።

ድርቤ ከኋላዋ እያየቻት፣ ይህ ሁሉ ንዴት የእውነት ይሁን የማስመሰል ልትለየው ሞከረች። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ይናደዳል? ንጹሕ ሰውስ ይህን ያህል ይናገራል? ሁለቱም ልክ መሰላት።

ከትምህርት በኋላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደች። የእግር ኮቴ አገኝ ይሆናል ብላ ነበር፤ ግን እሑድም ዘንቧል፣ ከብትም ረግጦታል። ከረጅሙ ሣር ጠርዝ ላይ አንዲት ኩይሳ አለች፤ ምስጥ የሠራት፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረች። ድርቤ ዙሪያዋን እየዞረች ስትመለከት ኦቦ ፉፋ ጎጇቸው በር ላይ ሆነው ጠሯት።

«እንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?»

«ኦቦ፣ ቅዳሜ ዕለት እኔና ጓደኛዬ እዚህ ስንጫወት አይተውናል?»

«እንዴት አላይም? ፊሽካ የምነፋው እናንተን ለማባረር አይደል?»

«ያቺ ቀይዋ ልጅ ቀድማኝ ስትደርስ… ኳሱን በእግሯ ስትገፋው አይተዋል?»

ኦቦ ፉፋ አገጫቸውን አሹት። «አልገፋችም። እስክትመጪ ቆማ ነበር። አንደኛው ኳስ ይቺን ኩይሳ መትቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። እሱን አይቻለሁ። ሳቄ መጥቶ ነበር።»

«ዱጋ? እውነትዎን ነው?»

«ዱጋ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ለኳስ ብዬ ልዋሽ?»

ድርቤ አመስግናቸው ሄደች። መንገዱን ሳታጋምስ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። የየሻሽወርቅ አባት የመንግሥት ሰው ነው። ዘበኛውም የመንግሥት ደመወዝተኛ ናቸው። ምናልባት ቀድሞ የነገራቸው ሰው ይኖር ይሆን? ሐሳቡ ሲመጣባት እንደ ብልህነት ቆጠረችው። ከዚያ ግን ኦቦ ፉፋ ስትመጣና ስትሄድ «አከም ጅርታ» እያሉ ደህንነቷን የሚጠይቋት፣ ዝናብ ሲመጣ ጎጇቸው የሚያስጠልሏት ሰው መሆናቸው ትዝ አላትና በራሷ ደነገጠች።

ከዚህ የባሰ ነገርም ትዝ አላት። በመጋቢት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ስትለማመድ ኳሷ የከብት ኮቴ በሠራው ጉድጓድ ገብቶ ነበር። ግራና ቀኝ አየችና በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። ማንም አላየም፤ ውድድርም አልነበረም። ኳስን በእግር መግፋት እንዴት ቀላል እንደሆነ ቀነዓ ሊነግራት አያስፈልግም ነበር። ታውቀዋለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር። «ያ ቦርሳሽ ጭቃ ለጭቃ ሆኗል፣ አምጪው» አለቻት። ድርቤ ቦርሳውን ስታራግፍ የቅዳሜው ኳስ ወደቀ። አንስታ ገንዳው ውስጥ ነከረችውና በአውራ ጣቷ አሸችው። ቀዩ ጭቃ ለቆ ውሃውን አደፈረሰው።

ኳሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አቶ ተረፋ በማይጠፋ ቀለም ምልክት አድርገውባቸዋል። የድርቤ አንድ ነጥብ ነው። የየሻሽወርቅ ሁለት።

እጇ ላይ ያለው ኳስ ሁለት ነጥብ ነበረው።

ድርቤ ደግማ አሸችው። ሁለት ነው። «አዮ፣ መጣሁ» አለች እናቷን፤ ኳሱ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣች።

የየሻሽወርቅ እናት እትዬ አሰገደች በሩን ከፍተው ሲያዩዋት እንደ ወትሮው አልሳሟትም። «አለች» ብቻ አሉና ገቡ። የሻሽወርቅ ደጃፍ ላይ ወጥታ እጆቿን አጣምራ ቆመች።

«ምን ፈለግሽ?»

«የቅዳሜውን ኳስ አጥበሽዋል?»

«አሁን ደግሞ ኳሴን ልትመረምሪ መጣሽ?»

ድርቤ መዳፏን ዘረጋች። የሻሽወርቅ ሁለቱን ነጥቦች ስታይ ክንዶቿ ቀስ ብለው ወረዱ። ድርቤ ግን ያን ጊዜም ፊቷን ነበር የምታየው። አውቃ ይሆን? አጥባ፣ አይታ፣ ዝም ብላ ይሆን?

የሻሽወርቅ ገብታ ቦርሳዋን አመጣች። «ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁትም» ብላ ኳሱን አወጣች። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቆበታል። በጥፍሯ ስትፍቀው ቅርፊቱ እየተነሣ ወደቀ። አንድ ነጥብ ብቻ ታየ።

«ኩይሳውን መትቶ የተመለሰው የኔ ነበር» አለች ድርቤ። «ሣር ውስጥ የገባው ያንቺ። ምልክቱን ሳናይ መታነው።»

«እኔም ያንቺን፣ አንቺም የኔን።»

ሁለቱም ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቁታል። አቶ ተረፋ ሕጉን በትልቁ ጽፈው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፦ በሌላ ሰው ኳስ ተጫውቶ ሳያርም ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ያለፈ፣ ጨዋታው ይሰረዛል። ሁለቱ ከተሰረዙ ቀነዓ አንደኛ ነው።

የሻሽወርቅ ወደ ቤት ውስጥ ገልመጥ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማን ያውቃል?»

«እኔና አንቺ።»

«እንግዲያው ፈርሚ።»

«የሻሽ…»

«ፈርሚና እኔ ልሂድ። ኳሱን አሁን እንቀያየራለን፣ አለቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ስሜን ስታስጠፊ ከርመሽ ይህቺን እንኳ አታደርጊልኝም? ከፈረምሽ ሰው ሁሉ ንጹሕ መሆኔን ያውቃል። አባቴም ያውቃል።»

ድርቤ መዳፏ ላይ ያለውን ኳስ አየች። የሻሽወርቅ ያለችው ልክ ይመስላል። መበደሏን ታውቃለች፤ መካሻው ደግሞ አንድ ፊርማ ነው። «ነገ» አለችና ሄደች። ኳሶቹን አልተቀያየሩም።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት አቶ ተረፋ ቢሮ ገባች። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ ተዘርግቷል፤ እርሳስም አለ። የሻሽወርቅ ቀድማ ደርሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ድርቤ እርሳሱን አነሣች። ሌሊቱን ሁሉ ልፈርም ብላ ነበር የወሰነችው። አሁን አምስተኛውን መስመር ስታይ ግን እጇ እንቢ አላት። ቅዳሜ ያልፈረመችው ያላየችውን አይቻለሁ ብላ ነው። ዛሬ ብትፈርም ያየችውን አላየሁም ማለቷ ነው።

«ጋሼ፣ አልፈርምም» አለች። «ግን የሻሽወርቅ አጥፍታ አይደለም። እኔ አምስተኛው ላይ የመታሁት የራሴን ኳስ አይደለም። የሷን ነው።»

አቶ ተረፋ ወደ የሻሽወርቅ ዞሩ። የሻሽወርቅ ቀስ ብላ እጇን ኪሷ ከተተችና አንድ ነጥብ ያለበትን ኳስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ልክ ነው» አለች። ድርቤን ግን አላየቻትም።

አቶ ተረፋ ሁለቱንም ወረቀት እያንዳንዱን በአንድ መስመር ሰረዙ። ከዚያ የቀነዓን ስም ጻፉ። የሻሽወርቅ ከወጣች በኋላ ድርቤም ልትወጣ ስትል፣ «ድርቤ» ብለው ጠሯት። «ወረቀቱን ሰርዣለሁ። ከተማው የሚያወራውን ግን እኔ መሰረዝ አልችልም።»

በማግሥቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ወጣ፣ መዝሙሩም አለቀ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ደረጃው ላይ ቆመው ማስታወቂያ አነበቡ። የቅዳሜው ውድድር የሁለት ተማሪዎች ውጤት ስለተሰረዘ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ቀነዓ ጨመዳ ነው አሉ። ለምን እንደተሰረዘ አልተናገሩም። ተማሪው አጨበጨበ። ቀነዓ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

ድርቤ ወርቂቱን አሰበች፤ ደብዳቤው ደርሷት ይሆን? ከዚያ ከኋላዋ ካለው ሰልፍ ሹክሹክታ ሰማች።

«አላልኩህም? ተይዛ ነው የሰረዙባት።»

«ድርቤስ?»

«እሷ ምን አደረገች? ያጋለጠችው እሷ አይደለች እንዴ?»

አንዱ በጫማው ጫፍ መሬቱን ነካ ነካ አደረገ፤ ሌሎቹ ሳቃቸውን አፈኑ። የሻሽወርቅ ሁለት ሰው ቀድማ ቆማለች። ሰምታለች። ማጅራቷ ቀጥ ብሎ ደርቋል፤ ዘወር አላለችም። ከትናንት ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ምናልባትም ከእንግዲህ አይነጋገሩ ይሆናል።

ዲሬክተሩ ወረቀታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አሁን ደወል ይደወላል፤ ሰልፉም ወደየክፍሉ ይገባል። በማስታወቂያ ሰዓት ተማሪ ተናግሮ አያውቅም።

ድርቤ ደብተሮቿን አጠገቧ ላለችው ልጅ አስያዘች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች ልጅቷ።

ድርቤ ከሰልፉ ወጥታ በአራት መቶ ተማሪ ፊት በግቢው መሃል ወደ ደረጃው መራመድ ጀመረች። ሹክሹክታው ቆመ። ዲሬክተሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ምንድን ነው?»

«ጌታዬ» አለች፣ «እኔም የምናገረው አለኝ።»